የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ በግሪክና በግዕዝ ብራናዎች

የአዲስ ኪዳን የግሪክኛ የእጅ ጽሑፎች፣ ቁራጩም ተቆጥሮ፣ ከ5,000 ይበልጣሉ። ሊቃውንት በንባባቸው ዝምድና የእስክንድርያ፣ የቢዛንታይንና የምዕራብ እያሉ በወገን ለይተዋቸዋል። ኤራስመስ በ1516 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን በጥቂት፣ በአብዛኛው ቢዛንታይን በሆኑ ቅጂዎች ላይ የቆመ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የ4ኛው መቶ ዘመን ሁለት ቅጂዎች፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስና ኮዴክስ ቫቲካነስ፣ በሚገባ ሲመረመሩ ሚዛኑ ወደ እስክንድርያው አደላ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ማርቆስ ምዕራፍ 16 ላይ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብሩ ሲሸሹ፣ ቁጥር 8 ላይ ያበቃሉ። የቢዛንታይኑ ወገን እስከ ቁጥር 20 ይዘልቃል። ፓሪስ ያለው የ8ኛው መቶ ዘመን ኮዴክስ ሬጊየስ ደግሞ አጭር መደምደሚያ ያስቀድምና ረጅሙን ያስከትላል። ከግዕዝ ብራናዎቻችንም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ቀደም ሲል የውጭ አጥኚዎች አንዳንድ የግዕዝ ቅጂዎች ቁጥር 8 ላይ ያቆማሉ ብለው ጽፈው ነበር፤ የአዲስ ኪዳን ሊቁ ብሩስ ሜትስገር ብራናዎቹን ሲመረምር ወሬው መሠረት አጣ። ብራናው ሳይገለጥ የሚነገር ነገር ስንት ዘመን እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የግዕዙ ወንጌል ከግሪክኛ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ተመድበዋል። ከዚያ ረጅም ክፍተት አለ። ከቆቦ በስተደቡብ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የ13ኛው መቶ ዘመን ነው። አጥኚው ሮኩስ ዙርሞንድ በ1989 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ማርቆስ ሲያሳትም ጥንታዊውን ትርጉም ኋላ ከታረመው ለይቶ አሳይቷል። የአንድምታ መምህራንም ሌላ አብነት ሲገጥማቸው ሁለቱንም ንባብ ይተረጉማሉ፤ ማነጻጸር ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ለዝርዝራቸው ሰጥተዋል። ያልተነሣው ግን አሁንም ብዙ ነው፤ ዕድሜው አነስተኛ የሆነ ቅጂም የጥንት ንባብ ሊይዝ ይችላል።

የቆቦና የራያ አድባራት አባቶች፣ የሐዲስ መምህራን ሆይ፦ በዕቃ ቤታችሁ የብራና ወንጌል ካለ ማርቆስን እስከ መጨረሻው ግለጡት። የቁጥር ምልክት አትፈልጉ፤ ከሴቶቹ ፍርሃት ቀጥሎ ምን እንደ ተጻፈ አንብቡ፣ ገልብጡ፣ ለሀገረ ስብከታችሁም አስመዝግቡ።