ስሕተቱን የተናገረ ሠራተኛ ለምን ከቅጣት ይጠበቃል?

አንድ የጓዝ ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ወደ ቆመ አውሮፕላን ሲጠጋ አካሉን በቀላሉ ገጨው እንበል። ያየው ሰው የለም፤ ጉዳቱም በዓይን እምብዛም አይለይም። አሽከርካሪው ለአለቃው ይናገራል ወይም ዝም ብሎ ይሄዳል። መናገሩ ከሥራ የሚያሰናብተው ከሆነ ዝምታን ሊመርጥ ይችላል፤ አውሮፕላኑ ግን ጉዳቱን ይዞ ይነሣል። በአቪዬሽን ዘርፍ «ፍትሐዊ የደኅንነት ባህል» የሚባለው አሠራር ዓላማው እንዲህ ያለው ሠራተኛ መናገርን እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ለአሠራሩ መነሻ ከሆኑት አደጋዎች አንዱ ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም. በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የደረሰው ነው። ወደ ዋሽንግተን ያመራ የነበረ የትራንስ ወርልድ አየር መንገድ ቦይንግ 727 አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብራሪዎቹ የተሰጣቸውን የማረፊያ ፈቃድ ወዲያውኑ ዝቅ ለማለት እንደሚያስችላቸው አድርገው ተረድተውት ነበር።

ምርመራው ይበልጥ የሚያስቆጭ ነገርም ይፋ አደረገ። ከአደጋው ስድስት ሳምንታት ያህል ቀደም ብሎ የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ሥፍራ በተመሳሳይ ስሕተት ለጥቂት ተርፈው ነበር። ጉዳዩን ለድርጅታቸው አሳወቁ፤ ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ለሌሎች አየር መንገዶች ሳይደርስ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች ስሕተትን በፈቃዳቸው የሚያሳውቁበት ሥርዓት ዘረጋ። ይሁንና ሪፖርቱን የሚቀበለውም ፈቃድ የሚነጥቀውም ያው መሥሪያ ቤት በመሆኑ ባለሙያዎቹ ለመጻፍ አመነቱ። ስለዚህ በ1968 ዓ.ም. ሪፖርቶቹን የመቀበሉ ሥራ በአብራሪዎች ላይ የመቅጣት ሥልጣን ለሌለው ለጠፈር ምርምር ተቋሙ ለናሳ ተሰጠ። ናሳ የጸሐፊውን ማንነት የሚገልጸውን ሁሉ ከሪፖርቱ ያወጣና ትምህርቱን ለሁሉም ያሰራጫል። ሆን ብሎ ያልፈጸመውን ጥሰት በ10 ቀናት ውስጥ ያሳወቀ ባለሙያ፣ የተቀመጡትን መስፈርቶች ካሟላ፣ ጥሰቱ ቢረጋገጥ እንኳ ፈቃዱ አይታገድበትም። ወንጀልና የደረሰ አደጋ ግን ከዚህ ከለላ ውጪ ናቸው።

ነገሩ ለአርሶ አደሩም እንግዳ አይደለም። በማሳው ጥግ ተምች ያየ ገበሬ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዕለቱ ቢናገር የቀበሌው ሰብል የመዳን ዕድል ያገኛል። «ቸል ብለሃል ተብዬ እወቀሳለሁ» ብሎ ከደበቀው ግን ተምቹ የጎረቤቱንም ማሳ ያወድማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ።

ፍትሐዊ ማለት ግን ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሪዝን እንዳስረዱት፣ ሠራተኞች ለመናገር የሚበረታቱበት መተማመን ሊኖር ይገባል፤ ተቀባይነት ባለውና በሌለው ድርጊት መካከል ያለው ድንበርም ለሁሉም ግልጽ መሆን አለበት። በሌሊት ፈረቃ ደክሞት አንድ ብሎን ሳያጠብቅ የቀረ የጥገና ባለሙያና ያልሠራውን ሥራ «ሠርቻለሁ» ብሎ የፈረመ ባለሙያ እኩል አይታዩም። ለመለየት የሚረዳው አንዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ ተመሳሳይ ሥልጠና ያለው ሌላ ሰው በዚያው ሰዓትና ሁኔታ ውስጥ ቢሆን ይህንኑ ሊያደርግ ይችል ነበርን? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየውን መቅጣት ችግሩን አይፈታም፤ መታረም ያለበት የፈረቃው ርዝመት፣ የመብራቱ ሁኔታ ወይም የሥራ መመሪያው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ሕግም ሠራተኛው በሕጉ የተዘረዘረ የደኅንነት ክስተት ባወቀ በ72 ሰዓታት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ስለተናገረ እንዳይበደልም ይጠብቀዋል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥሰትና ከባድ ቸልተኝነት ግን ጥበቃ የላቸውም።

መረጃ በሙሉ አለመተላለፉ የሚያስከፍለው ዋጋ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ያው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት፣ አብራሪዎቹ ተቋቁመው በሰላም አሳርፈውት ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን የችግሩ ከፊል ብቻ ነበር። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች የአውሮፕላኑን የቁጥጥር ሥርዓት ንድፍ ጨምሮ ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመረጃ ክፍተት ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚሁ ሞዴል አውሮፕላን የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ቦይንግ ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለዚያው የቁጥጥር ሥርዓት የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችን እንዳታለሉ በ2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት አምኗል። እውነትን የመናገር ግዴታ ከጓዝ ጫኚው እስከ አምራቹ ኩባንያ መድረስ ያለበት ለዚህ ነው።

አንድ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይህን ባህል ለመገንባት ሪፖርት የሚቀበለውን ክፍል ከሚቀጣው መለየት፣ የሚያስቀጣውንና የማያስቀጣውን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ለተናገረውም ሰው ምን እንደተስተካከለ መልሶ መንገር ይጠበቅበታል። ሠራተኛው ከግድግዳ መፈክር ይልቅ የሚመለከተው ባለፈው ጊዜ የተናገረው ባልደረባው ምን እንደደረሰበት ነው።