የጀርመን አረንጓዴዎች፦ ከአደባባይ ሰልፍ እስከ ሚኒስትርነት

የጀርመን አረንጓዴ ፓርቲ በ1980 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርልስሩህ ከተማ ውስጥ ሲመሠረት አባላቱ የመጡት ከፀረ ኑክሌር ሰልፎች፣ ከሰላምና ከሴቶች መብት ንቅናቄዎች ነበር። በ1983 በ5.6 በመቶ ድምፅ ምክር ቤት ገቡ። ሥልጣን ሰውን ያበላሻል ብለው ስለሰጉ ተመራጮቻቸው በምርጫ ዘመናቸው አጋማሽ ወንበራቸውን ለተተኪ እንዲለቁ ደነገጉ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ፔትራ ኬሊ ግን አልለቅም አሉ። ደንቡም ብዙ አልዘለቀም።

ከሥልጣን ርቀው ሥርዓቱን መታገል የመረጡት «ፉንዲ»፣ ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ተጣምረው ሕግ ማውጣት የፈለጉት ደግሞ «ሪያሎ» ተባሉ። የሪያሎዎቹ መሪ ዮሽካ ፊሸር በ1985 በሄሰን ክፍለ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጥምረቱ ግን ሃናው በሚገኝ የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካ ሰበብ በ1987 ፈረሰ። በ1990 አገሩ ሁሉ ስለ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ውሕደት ሲያወራ የምዕራቡ አረንጓዴዎች ስለ አየር ንብረት ቀሰቀሱና ከምክር ቤት ወጡ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ ፓርቲው በሪያሎዎች እጅ ገባ።

በ1998 የማግደቡርግ ጉባኤ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ደረጃ በደረጃ ወደ 5 ማርክ እንዲያድግ ወሰነ። በመኪና ሥራ የሚመላለሰው ሠራተኛ በዚህ ተቆጣ፤ የፓርቲው ድጋፍም ወዲያው አሽቆለቆለ። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት 6.7 በመቶ አግኝቶ ከመራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር ጋር መንግሥት መሠረተ። የኑክሌር ማመንጫዎች ቶሎ እንዲዘጉ ቢፈልግም ያገኘው ከኩባንያዎቹ ጋር የተደረሰ የብዙ ዓመታት የመዝጊያ ስምምነት ነው። ብዙ ደጋፊዎች ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት።

የአረንጓዴዎቹ ሐንስ ዮሴፍ ፌልና የሶሻል ዴሞክራቱ ሄርማን ሼር ግንባር ቀደም ሆነው ያረቀቁት የ2000ው የታዳሽ ኃይል ሕግ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሕጉ የኤሌክትሪክ መስመር ባለቤቶች ከፀሐይና ከነፋስ የሚመነጨውን ኃይል በቅድሚያ እንዲቀበሉ፣ አምራቹም ለ20 ዓመት የተቆረጠ ዋጋ እንዲከፈለው አስገደደ። ገበሬውም አበዳሪው ባንክም የነገውን ገቢ ማስላት ስለቻሉ ጣሪያውና ማሳው የኃይል ምንጭ ሆነ፤ ወጪውም በሁሉም ደንበኛ ሂሳብ ላይ ተከፋፈለ። በ2000 ከኤሌክትሪክ ፍጆታው 6 በመቶ ገደማ የነበረው የታዳሽ ኃይል ድርሻ በ2023 ከግማሽ አለፈ። ፓርቲው በሥልጣን ከሠራው ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም።

ፓርቲው በ2021 ዳግም መንግሥት ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ የአረንጓዴዎቹ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሮበርት ሃቤክ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን መልሰው ማስነሣት ግድ ሆነባቸው። በራይንላንድ የከሰል ምርት ማብቂያ ከ2038 ወደ 2030 እንዲቀድም ከከሰል ኩባንያው ጋር ቢስማሙም፣ በምላሹ የሉትሰራት መንደር ለማዕድኑ ተለቀቀ፤ በጥር 2023 ፖሊስ ይህን የተቃወሙ ሰልፈኞችን ጎትቶ አስወጣ። በዚያው ዓመት የቤት ማሞቂያዎችን ወደ ታዳሽ ኃይል ለማዞር የታሰበው ሕግ ረቂቅ የድጎማው ዝርዝር ሳይታወቅ ወደ ሕዝብ ወጣ፤ የቤት ባለቤቶች ስለ ኪሳቸው ተጨነቁ፣ የማግደቡርጉ ስሕተት ተደገመ። ሕጉ ላልቶ ጸደቀ። በ2025 ፓርቲው 11.6 በመቶ አግኝቶ ወደ ተቃዋሚነት ተመለሰ።