«ተመስገን» የማይነግረን ሕመም

እማዬ ወገቧን መታመም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ሐኪም ቤት አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ «እናቴ፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ስንት ይሰጡታል?» ብሎ ጠየቃት። ዞር ብላ አየችኝና «ተመስገን ነው ልጄ» አለችው። እሱም አንድ ነገር ጻፈ፣ ማስታገሻ አዘዘ፣ አለቀ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ግድግዳ ይዛ ነው ከአልጋዋ የተነሳችው። ጫማዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ይሄ ካርዷ ላይ የለም፤ ራጅም አያሳየውም።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። አንዳንዱ መነሻው በምርመራ አይገኝም፤ ታማሚው ግን ያመዋል። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው «ያመኛል» ካለ ቃሉ ሊከበርለት ይገባል የሚል ማብራሪያ ያካተተበት።

ችግሩ ቃሉን እንዴት እንስማው የሚለው ነው። ሮናልድ ሜልዛክ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት መጠይቅ፣ ሕመምን የሚገልጹ 78 ቃላትን በ20 ምድብ ከፋፍለው አስቀምጠዋል። አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል እንላለን። አንድ አይደሉም። ለምሳሌ የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከነርቭ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። «7 ነው» ወይም «ተመስገን» ስንል ይሄ ሁሉ ይጠፋል።

ፊልም የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ብሪያ በሃርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ታመመች፤ ሕመሟ ከአእምሮ የመጣ ነው ተባለች። ሐኪሞች እንዲያምኗት ራሷን በስልኳ መቅረጽ ጀመረች። በኋላም አልጋዋ ላይ ሆና፣ እንደ እሷ የታመሙ ሰዎችን በቪዲዮ ጥሪ እያነጋገረች «አንሬስት» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠራች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ተሸልሟል። እኔን የገረመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ምን ይታይ፣ ምን ይጠየቅ የሚለውን የወሰነችው ታማሚዋ ራሷ መሆኗ ነው።

በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ደግሞ ጥቅም ላይ የዋለ አንድ አሠራር አለ። ተመራማሪዎች ታማሚዎች ያለፉበትን ሲናገሩ ይቀርጹና ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያሳጥሩታል። ፊልሙን መጀመሪያ ታማሚዎቹ ያዩታል። ቀጥሎ ሐኪሞችና ነርሶች አብረዋቸው ያዩና ምን ይቀየር የሚለውን በጋራ ይመርጣሉ። ታማሚው እዚህ የሚጠና ዕቃ አይደለም፤ አብሮ የሚያጠና ሰው ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተመራማሪ የሕመም ቁጥሩ ከ7 ወደ 5 ከወረደ መድኃኒቱ ሠራ ሊል ይችላል። እማዬ የምትፈልገው ግን ቆማ ማስቀደስ ነው። ካልተጠየቀች ማንም አያውቅላትም።

እኛ አገር የታመመ ሰው ቪዲዮ ብርቅ አይደለም። አሳዛኝ ሙዚቃ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ «ሼር አድርጉ»። ብዙ ሰው በዚህ ታክሟልና አልነቅፈውም። ግን ያ ቪዲዮ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እኔ የምለው ዓይነት ደግሞ ጥያቄ ይጠይቃል። ለእርዳታ ሲባል ታማሚው ምስኪን ሆኖ መታየት አለበት፤ ለጥናት ሲሆን ግን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው የሚቀርበው። ደግሞ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አይመለስም። ስለዚህ ማን ያየዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ሐሳቤን ብቀይር ይጠፋልኛል ወይ የሚሉት ቀረጻው ሳይጀመር መመለስ አለባቸው።

እኔም ስልኬን ይዤ እማዬን አስፈቀድኳት።

«ለቲክቶክ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ለሐኪሙ ብቻ ነው።»

ከአልጋዋ ስትነሳ ቀረጽኳትና መልሼ አሳየኋት። አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄን ተዪው፣ ጠዋት ማን አይከብደው? እንጀራ ስጋግር ቅረጪኝ» አለች። ለካ እኔም እንደ ሐኪሙ ያልጠየቅኳት ነገር ነበር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙ የአንድ ደቂቃውን ቪዲዮ አየ። ሁለት ጊዜ አየው። በዚህኛው ቀን ቁጥር አልጠየቃትም፤ «ሳያርፉ ምን ያህል መቆም ይችላሉ?» አላት።

እማዬም ተመስገን አላለችም። «ሦስት እንጀራ» አለችው። «በአራተኛው ወገቤን እሳት የነካው ያህል ያቃጥለኛል፤ እግሬ ድረስ ይወርዳል፤ ያኔ እቀመጣለሁ።»

ሐኪሙ ጻፈው። ከዚያም እግሯን እንደ አዲስ መመርመር ጀመረ።

ቤታችሁ «ተመስገን» የሚል ታማሚ ካለ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አስፈቅዱት፤ ምን እንደሚቀረጽ ግን እሱ ይንገራችሁ።