ዶሮ ብታልም ጥሬዋን፤ ጥሬ ብቻ ግን አይበቃትም

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይላል ያገራችን ሰው። በግቢ እየጫረች ለምትኖር ዶሮ አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል እንድትጥል ተመርጣ ለተዳቀለችው ዶሮ ግን ጥሬ ብቻውን አይበቃትም።

ከሐረር በስተደቡብ፥ በሐኪም ጋራ ግርጌ ዶሮ አርብቶ ለከተማው ገበያ እንቁላል ለማቅረብ የሚያስብ ወጣት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዶሮዋን ዋጋ ነው። ዳሩ ግን ከእርባታው ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው መኖው ነው። አንዲት ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ስለምትበላ፥ መቶ ዶሮ ያለው ሰው አንዱን ኩንታል በዘጠኝ ቀን ይጨርሳል። እንግዲህ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይገባል።

ከአንድ ኩንታል መኖ 55 ኪሎ ያህሉ በቆሎ ነው፤ ይህም ኃይል ይሰጣል። 26 ኪሎ ያህሉ የአኩሪ አተር፥ የኑግ ወይም የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሲሆን፥ ሥጋና እንቁላል የሚሠራው ፕሮቲን በብዛት የሚገኘው ከዚህ ነው። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን፥ የኦቾሎኒው ደግሞ ሜታዮኒን ስለሚያንሰው፥ አንዱን ከሌላው ማደባለቅ የተሻለ ነው። 9 ኪሎ ያህሉ ፉርሽካ፥ 9 ኪሎ ያህሉም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የቀረችው አንድ ኪሎ ጨው፥ ቪታሚንና ልዩ ልዩ ማዕድን ናት።

የኖራውን ድንጋይ «አፈር ነው» ብሎ የሚቀንስ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ በቆሎም ይህን ሊሰጥ አይችልም። ኖራው ሲጓደል ዶሮዋ ከገዛ አጥንቷ እያወጣች ትሰጣለች፤ በመጨረሻም ቅርፊቱ ይሳሳል፥ እርሷም ትሽመደመዳለች።

በዚህ ረገድ የሐረርጌ ምድር የታደለ ነው። በቆሎውና ማሽላው ከደጋው፥ ኦቾሎኒው ከባቢሌና ከጉርሱም፥ የኖራ ድንጋዩም ከድሬዳዋ አካባቢ ይገኛል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፥ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ ስለ ዶሮ እርባታና መኖ ምርምር የሚደረግበት ቦታ ነው።

ሆኖም አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒ እርጥበት ሲያገኘው የሚበቅልበት ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት አለቁ፤ ሲመረመርም ምክንያቱ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፥ እንቁላልን ይቀንሳል፤ በመቁላትና በመቀቀልም ፈጽሞ አይጠፋም። ይኸው መርዝ በሐረርጌ ኦቾሎኒም ላይ በምርመራ ተገኝቷል።

ስለዚህ «ለሰው የማይሆነው ለዶሮ ይሁን» የሚለውን ልማድ መተው ይገባል። ኦቾሎኒውን በሚገባ አድርቆ ማስቀመጥ፥ የሻገተውን ለይቶ መጣል፥ ፋጉሎውንም ከመግዛት በፊት ዐይቶና አሽትቶ መመርመር ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ነው። መርዙ በዐይን የማይታይበት ጊዜ ስላለ፥ ብዙ የሚገዛ ሰው በላቦራቶሪ ቢያስመረምር ይመረጣል። በርካሽ የተገዛ የሻገተ ፋጉሎ ዋጋው የሚታወቀው ዶሮዋ መጣል ስታቆም ነውና።