የጥናት ሰዓታችንን ከየት እናምጣው?

እንደሚታወቀው ሁሉ «የጥናት ፕሮግራም አውጡ» የማይል መምህር የለም። እኛም ተማሪ ሳለን ይህንኑ ስንሰማ አድገናል፤ ነገ መምህር ስንሆንም ይህንኑ ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳን ሰው እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ቀበሌዎች የሚማር ልጅ ጊዜውን እንዴት ሊያቅድ እንደሚችል፣ ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

9ኛ ክፍል ሳለን ከገጠር መጥተን በከተማው አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። በመጀመሪያው ወር የአንድ የከተማ ልጅ ፕሮግራም ቃል በቃል ገልብጠን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ ይላል። ቅዳሜና እሑድማ ሙሉ ቀን ጥናት ነው! ሲያዩት ያምራል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፤ ዓርብ ከክፍል እንደወጣን ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታችን መንገድ እንጀምራለን፣ ቅዳሜ ከብት ስንጠብቅ እንውላለን፣ እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። መብራት የሚጠፋበትም ምሽት ብዙ ነበር። ፕሮግራሙ በሦስተኛው ሳምንት ተረሳ። የከፋው ግን መረሳቱ ሳይሆን «እኛ ሰነፎች ነን» ብለን ማመናችን ነው። ከአራታችን አንዱ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ አገሩ ገባ። ሰነፍ እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።

ስሕተታችን ዕቅዱን ከምኞት መጀመራችን ነበር። መጀመር የነበረብን ካለን ጊዜ ነው። ይኸውም አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ፕሮግራም ሳያወጡ፣ ቀኑ የት እንደሄደ ማታ ማታ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት? ለእንጨት፣ ለገበያ፣ ለመንገድ፣ ወጥ ለመሥራትስ? በ10ኛ ክፍል ይህንን ስናደርግ በብርሃን ለማጥናት የሚተርፈን በሳምንት 9 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘነው። በተገለበጠው ፕሮግራም ላይ ግን ከ30 ሰዓት በላይ ጽፈን ነበር! (ከእኛ ጋር የሚማሩ ሴቶች ሲቆጥሩት ከ9ኙም ያነሰ ነው የወጣላቸው። ውሃውም ምጣዱም በእነሱ ላይ ነውና ይህን ሳያዩ «ሴቶች አያጠኑም» ማለት ትልቅ በደል ነው።)

ሁለተኛው ነገር ሥራውን በብርሃን የሚሠራና ያለ ብርሃን የሚሠራ ብሎ መለየት ነው። ይህን ያገኘነው ከሩቅ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ፊደልና ንባብ በቀን ይማራሉ፤ ሲመሽና መጽሐፍ ማየት ሲያቅት ደግሞ የኔታ በቃል ያስጠኗቸዋል። ጨለማው ቦዝኖ አያድርም ማለት ነው። እኛም የሒሳብ መልመጃ፣ ሥዕላዊ መግለጫና አዲስ ምዕራፍ ማንበብን ለብርሃኑ ሰዓት አደረግን፤ የኬሚስትሪ ምልክቶችን፣ ቀመሮችንና የእንግሊዝኛ ቃላትን ደግሞ ለምሽቱ፣ ለመንገዱና ለከብት ጥበቃው ተውን። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። የዓርቡ መንገድ እንዲህ ሆኖ አጠረልን።

ደግሞም ጥናትን በአንድ ቀን ከመከመር ከፋፍሎ መመላለስ ይሻላል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቶ ነበር። ከ1 ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ጠፍቶበታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን መርሳቱ እየዘገየ ሄደ። ድግግሞሹን በተለያዩ ቀናት ሲያከፋፍለውም በጥቂት ድካም ያዘው። ስለዚህ ዛሬ የተማሩትን ዛሬውኑ ማታ፣ ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ 10 ደቂቃ መከለስ፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በኩራዝ ከማንጋት ይበልጣል። እኛ ያን ሁሉ ኩራዝ ያነደድነው በከንቱ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም ፕሮግራም ላይ አላየንም፤ እሱም የቋንቋው ነገር ነው። ቤቱ ኽምጣኛ የሚናገር ልጅ አማርኛን በትምህርት ቤት ያጠናክራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ የባዮሎጂው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። አንዱን ገጽ ለቃሉ አንድ ጊዜ፣ ለሐሳቡ አንድ ጊዜ ያነበዋል። ሌላው በ1 ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ በ2 ሰዓት ቢጨርስ ዕቅዱ ያንን መቁጠር አለበት። ስለዚህ «2 ሰዓት ባዮሎጂ» ከማለት «3 ገጽ ባዮሎጂ» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ማለቁም ይታወቃል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ብዙ ተማሪ ጥናቱን ለ12ኛ ክፍል ያሳድረዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ የጥናት ዕቅድ ማጣት ብቻ ነው አንልም፤ የመጽሐፍም የመምህርም እጥረት አለ። በተማሪው እጅ ያለችው ግን ይህችው ሰዓት ነች።

ያቺም ብትሆን ያለ ወላጅ ፈቃድ አትገኝም። ከእኛ አንዷ ቆጥራ የጻፈችውን ደብተር ይዛ ቤቷ ገባችና፣ «እማዬ፣ ከገበያ ማግስት ያለውን ከሰዓት ብቻ ለኔ ተይልኝ» አለች። እናቷ ማንበብ ባይችሉም ሲነበብላቸው ሰሙና ውሃውን ለወንድሟ አዘዙት። እሱ ግን እስካሁን ያኮርፋታል።

ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንወጣ ተማሪዎቹን በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮግራም አምጡ አንላቸውም። ትናንት ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ እንዲጽፉልን እንጠይቃቸዋለን።