ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ የመኪና ዕቃ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ ማደስና ማሻሻል ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሶማሌ ተራ የተጠራለት የመለዋወጫ ዋጋ ሲያስደነግጠው ዓይኑ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይዞራል። እዚያ ብሎኑም፣ ፋሸታውም፣ የውኃ ጎማውም፣ ሽቦውም፣ ኮምፔርሳቶውም በጥቂት ብር ይገኛል። አንዳንዱ ይህን በጅምላ ያወግዛል፤ ሌላው «ብረት ያው ብረት ነው» ብሎ ያገኘውን ይገጥማል። ሁለቱም የሚያዩት ዕቃው የተገዛበትን ሱቅ ነው። መታየት ያለበት ግን ዕቃው መኪናው ላይ የሚጠብቀው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ደግሞም ቢበጠስ ወይም ቢቀልጥ ምን እንደሚከተል ነው።

ከብሎን እንጀምር። ባለ 8 ሚሊ ብሎን ከመኪና ላይ አውጥቶ ጭንቅላቱን በጨርቅ የጠረገ ሰው የጥንካሬ ቁጥር ታትሞበት ያገኛል። ቶዮታ ብዙ ጊዜ አንድ አሃዝ ብቻ ያትማል፤ በዓለም አቀፉ አሠራር ግን 8.8 ወይም 10.9 የሚል ነው። የፊተኛው 8 እያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር እስከ 800 ኒውተን ጉተታ እንደሚችል ይናገራል፤ የኋለኛው 8 ደግሞ የዚህ 80 በመቶ ላይ ሲደረስ ብሎኑ ተለጥጦ መቅረት እንደሚጀምር። ቁጥር የሌለው የበርና የቆርቆሮ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 4.6 ወይም 4.8 ነው። በባለ 8 ሚሊው ሲሰላ፣ ባለ 8.8ቱ ወደ 3 ቶን ሲጎተት ይበጠሳል፤ 4.8ቱ 1 ተኩል ቶን ላይ ያበቃለታል። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከቁጥሩ በቀር በዓይን የሚለያቸው ነገር የለም። የማይዝገው፣ የሚያብለጨልጨው ብሎን ደግሞ ብዙዎችን ያታልላል፦ ኤ2-70 የሚል የታተመበት 700 ኒውተን ላይ ስለሚቀር ከጥቁሩ 8.8 ያንሳል። ስለዚህ ታርጋ፣ የፓራፋንጎ ላስቲክና ከሞተር ሥር ያለ የጭቃ መከላከያ በማንኛውም ብሎን ቢታሰር ችግር የለውም፤ ቢወድቅ የሚጠፋው ላስቲኩ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ የጎማ ተሸካሚና የደህንነት ቀበቶ ላይ ግን የወጣው ብሎን የያዘውን ቁጥር የያዘ ካልተገኘ መኪናው ቆሞ ይደር።

ሙቀት ደግሞ ከጉተታ ይልቅ ተንኮለኛ ነው፤ መኪናው ሲቆም ስለማይታይ። አዲስ አበባ ከፍታዋ የተነሣ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላባታል፤ የሞተር ውኃ ግን እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፦ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ሲስተሙን አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በዚህ መስመር ላይ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጦ የሚገጥም ሰው 60 ዲግሪ ላይ መልፈስፈስ የሚጀምር ፕላስቲክን በግፊት እየሞከረው ነው። ያው ጎማ በቤንዚን መስመር ላይ ሲገባ በተቃራኒው ይጎዳል፤ ቤንዚኑ ማለስለሻውን መጥጦ ያወጣውና ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ነዳጅም በጋለ ማርሚታ አጠገብ ይንጠባጠባል። ፋሸታው ግን ከየትም ቢገዛ ምንም አይደለም፤ ከቱቦው ጫፍ እብጠት በስተጀርባ መቀመጡን ብቻ ማረጋገጥ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ የሚሳሳቱት ደግሞ የቤት ሽቦ ሥራ የሚያውቁት ናቸው። 220 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ለ12 ቮልት አያንስም ይላሉ። ሽቦን የሚያግለው ግን አምፔር ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት ተጨማሪ የጉም መብራቶች ቤት ውስጥ ቢሆኑ ግማሽ አምፔር ይበቃቸው ነበር፤ መኪና ላይ 9 ይስባሉ። 4 ሜትር ርዝመት ባለው የ0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጉ ከ12 ቮልቱ 0.86 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የሃሎጂን አምፖሉም ከብርሃኑ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ወፍራሙ የግድግዳ ሽቦ ይህን ይፈታል፤ ነገር ግን ባለ አንድ ክር ስለሆነ በሞተር ንዝረት ይበጠሳል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝና አንድ ሪሌ ይበቃሉ። ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ስለሚፈስ፣ ከኮፈን ሥር በእሳት የሚሸበሸበው የላስቲክ ሽፋን ይሻላል።

የዋዛ ያልሆነ ተቃውሞ አለ፦ ገበያው በአስመሳይ «ኦርጅናል» ከተሞላ፣ የመለዋወጫ ሱቁስ ከሕንፃ መሣሪያው በምን ይበልጣል? እውነት ነው። ቁጥሩ በግልጽ የታተመበትና ከታወቀ አቅራቢ የመጣ 8.8 ብሎን፣ ማሸጊያው ብቻ ካማረ ቁጥር አልባ «ኦርጅናል» ይልቅ ይታመናል። ይህ ግን መለኪያውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የሚጠየቀው የሱቁ ስም ሳይሆን የዕቃው አቅም ነውና። ሌላው መከራከሪያ «ስንቱ ሚኒባስ በሽቦ ታስሮ ዓመት ይሠራ የለም ወይ» የሚለው ነው። ይሠራል፤ የምናየው ግን እየሠራ ያለውን ብቻ ነው፣ መንገድ ዳር የቀረው ስለ ሽቦው አይመሰክርም። ደግሞም እስከ ጋራዥ ለመድረስ የታሰረ ሽቦ አገልግሎት ነው፤ እዚያው ይክረም ሲባል ነው ነገሩ የሚበላሸው። ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉም ማስረጃ አይሆንም፤ ከዳሽቦርድ ጀርባ የተቀጠለውን ማንም ፈትቶ አያይምና።

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ጭነት በሌለበት ቦታ ነው፦ የበር ላስቲክ፣ ድምፅ ማፈኛ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ የሚነጠፍ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ። እዚህም ቢሆን ክብደት አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ያልታሰረ ጣውላ ወደ 200 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ጣውላው የወንበሩ ማሰሪያ ካለበት ወፍራም ላሜራ ጋር፣ በ4 ቦታ፣ ሰፊ ሮንዴላ ከላይም ከታችም ገብቶለት፣ ዳዶው በንዝረት እንዳይላላ ናይለን ያለው ተመርጦ ይታሰራል። ከመብሳት በፊት የነዳጅ ታንከሩና የፍሬን ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፉ ከሥር ተኝቶ ማየት ያስፈልጋል።