በኢሉባቦር የጨዋታው ወቅት መቼ ነው?

በዓልና ጨዋታ ከሥራ ውጭ የሚገኙ መስለው ይታያሉ እንጂ፣ ጊዜያቸውን የሚወስንላቸው ሥራ ራሱ ነው። አንድ ሕዝብ መቼ እንደሚጨፍርና መቼ ኳስ እንደሚጫወት ለመረዳት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ መቼ እንደሚያርስና መቼ እንደሚለቅም መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ሐቅ በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ በበደሌና በአካባቢያቸው ባሉት ከተሞች በየዓመቱ በተጨባጭ ይታያል።

እንደሚታወቀው ኢሉባቦር የዝናብ አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው በእጅጉ የላቀ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ክረምት ሲባል ሦስት ወር ነው፤ እዚህ ግን ዝናቡ በሚያዝያ ይገባና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ቡናው ይቀላል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ የለቀማው ሥራ እጅ ያለውን ሁሉ፣ ሴቱንም ሕፃኑንም፣ ወደ ጫካው ይጠራል።

እንግዲህ ቅራኔው እዚህ ላይ ነው። የሰፈር ለሰፈር የእግር ኳስ ውድድር በአገራችን ከተሞች የክረምት ልማድ ሆኗል፤ ምክንያቱም ተማሪው ከሰኔ እስከ መስከረም ዕረፍት ላይ ነው። ልማዱ እንዳለ ወደ መቱ ሲዛወር ግን ሐምሌ ላይ ኳሷ በጭቃ ተይዛ ትቆማለች፣ ተጫዋቹ ይንሸራተታል፣ ተመልካቹም በቆርቆሮ ጥግ ይጠለላል። «የበጋ ኦሎምፒክ» የሚባለውም ቢሆን የሌላ አገር በጋ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ሁለቱን ወርቆች የወሰደው በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነበር። የአውሮፓ ሞቃት ወቅት የእኛ ክረምት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራም በሚወጣበት ሰዓት ይህ ይዘነጋል።

የሕዝቡ ጥንታዊ በዓላት ግን ከዝናቡ ጋር ተስማምተው ኖረዋል። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ገና ዶፉ ሳያበቃ ነው፤ ለልጆቹ አንድ ደጃፍና አንድ ሙልሙል በቂ ስለሆነ ሜዳ አይሹም። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባ ይዘው ይዞራሉ። በመስቀል ዋዜማ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ጉባ በሚለው ምሽት፣ ችቦ ይለኮሳል፤ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያም ኢሬቻ ይከተላል፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳል፣ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። የሙስሊሙ በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቱን ሁሉ ይዞራሉ፤ አባት በጭቃ ያከበረውን ዒድ ልጁ በቡና ለቀማ መካከል ሊያከብረው ይችላል።

ዝናብ ሁልጊዜ መንገድ ዘጊ እንዳልነበረም ሊሠመርበት ይገባል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ባሮ ወንዝ የሚሞላው በክረምት ስለሆነ፣ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና የሚጭኑት በዚያው ወቅት ብቻ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ሌላው አገር በጭቃ በሚታሰርበት ወራት ጋምቤላ ገበያዋ ይደራ ነበር።

በውቅያኖስ መካከል ያሉትን የሞቃት አገር ደሴቶች ብንመለከት ይኸው ሕግ ይሠራል። በሐምሌ የሚከበረው የሳንቲያጎ ደ ኩባ ካርኒቫል ሥሩ የሸንኮራ አገዳው ምርት ካበቃ በኋላ ሠራተኛው በሚያገኘው ዕረፍት ላይ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኩባ የወጣቶች ደሴት የተማሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ባህል እንግዶች አይደሉም። በባርቤዶስ ደግሞ በባርነት የተያዙት አገዳ ቆራጮች የጀመሩት የምርት ማብቂያ በዓል፣ በ1930ዎቹ የስኳሩ ምርት ሲዳከም ከስሞ፣ በ1966 ዓ.ም. እንደገና ሕይወት ተዘርቶበታል። ይሁንና ያነሣሣው የቱሪዝም ጉዳይ ስለነበር ዛሬ ድምቀቱ በአመዛኙ ለጎብኚ ነው። የቡና አገር የምርት ማብቂያ በዓል ቢያደርግ የሚጨፍረው ለቃሚው ሊሆን ይገባል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ ለኢሉባቦር ከተሞች ትክክለኛው የውድድር ወቅት ከጥምቀት እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። ቡናው ተለቅሟል፤ በለቃሚውም እጅ ትንሽ ገንዘብ ገብቷል፤ መሬቱ ደርቋል። ተማሪው በትምህርት ላይ ነው የሚባል እንደሆነ ቅዳሜና እሑድ አሉ፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለሠራተኛው በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ደንግጓል። ሴቶች በሜዳው ዳር ቆሎ ሻጭና ተመልካች ብቻ ሆነው የሚቀሩበት ልማድም አብሮ ሊታይ ይገባል፤ ቡናውን የለቀመች እጅ ለመረብ ኳስ አታንስም።

ሰዓቱ ቢገኝም ሜዳ ያስፈልጋል። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አድርጎ የነዋሪዎችን ማኅበራት ሲያቋቁም፣ የሰፈር ሜዳ ጠባቂ አገኘ። በእርግጥ በዚያ ዘመን ሜዳው በትእዛዝ የሚሞላበት ቀን ጥቂት አልነበረም፤ ስም እየተጠራ የሚወጣበት ሰልፍ ጨዋታ ሊባል አይችልም። የከተማ መሬት የግል አለመሆኑ ግን ዛሬም አልተለወጠም። ስለሆነም ባዶ የሚመስል ሜዳ ለግንባታ በታጨ ቁጥር፣ የሰፈሩ ማኅበር በስብሰባ ተጠይቆ ቃለ ጉባኤ ሊያዝበት ይገባል። በዝናብ አገር ሜዳ ለስምንት ወር ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ባዶነቱ ግን ጥቅም አልባነቱን አያሳይም።

የተረፈው ሥራ የአካፋ ነው። የዝናቡን ውኃ የሚቀበል ቦይ በሜዳው ዙሪያ ከተቆፈረና ከብት እንዳይረጋግጠው ከታጠረ፣ ሣሩ ክረምቱን ችሎ ለጥር ይደርሳል። ቦዩ ግን ከሚያዝያ በፊት ማለቅ አለበት።